ኩሬው የሚወደውን ግድቡ አይወደውም

ሰኔ ማለቂያ ላይ አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። ከሱሉልታ ወጣ ብሎ ባለ ይዞታው ላይ፣ ከሁለት ጉብታ መሀል የምትወርደውን የክረምት ጅረት በአፈር ገድቦ ኩሬ አበጅቷል። ዓሣ ላርባ፣ ጎመን ላጠጣ ብሎ አይደለም። ወፍ ለማየት ነው። ሰውየው ወፍ ይወዳል፤ በቃ።

«ግድቡን አልቦታል እያሉኝ ነው» አለኝ። የሚሉት ዘበኛው ናቸው።

ሄድኩ። ከግድቡ ጀርባ፣ ታች ሳሩ መሀል፣ መዳፍ የምታህል እርጥብ ቦታ አለች። ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው ዘበኛ ባዶ ሃይላንድ ይዘው ቁጢጥ ብለዋል። የፕላስቲኩን አፍ ከሚንጠባጠበው ውሃ ሥር ደግነው ይጠብቃሉ። «ላብ ከሆነ ግድ የለም ልጄ» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ደም ከሆነ ነው ጣጣው።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ እስኪገባኝ ድረስ ብዙ ጠየቅሁ፣ ብዙም አነበብኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ውጤት ነው። ስለ ግድብ አገሩ ሁሉ ያወራል። የዓባይ ግድብ «ማስተንፈሻ» እና «ኮርቻ ግድብ» የሚሉ ቃላትን ታክሲ ውስጥ ሳይቀር አስለምዶናል። ግን 145 ሜትር ከፍታ ስላለው የኮንክሪት ግድብ የምናውቀው ነገር፣ አራት ሜትር ከፍታ ስላላት የአፈር ግድብ እምብዛም አይነግረንም። ኮንክሪት ውሃ በላዩ ቢያልፍበት ይችላል። አፈር አይችልም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ይጀምራል።

የአፈር ግድብ ሲባል የአፈር ቁልል ነው?

ከሩቅ ሲታይ አዎ። ጠጋ ሲሉ ግን አካል አለው። ለመግባባት እንዲያመቸን እንደ ሰው እንሰይመው። ውሃው የሚነካው ወገን ሆዱ ነው። ወደ ታችኛው መንደር የሚያየው ጀርባው ነው። ላዩ አናቱ፣ ጀርባው ከመሬት የሚገናኝበት ደግሞ እግሩ ነው። ጎን ላይ፣ ያልተነካ ጠንካራ መሬት ላይ የሚቆፈረው የትርፍ ውሃ መውጫ ያው ማስተንፈሻው ነው።

ከመሬት በታች ደግሞ የማይታይ ነገር አለ። ግድቡ ከመሠራቱ በፊት ላይኛው ለስላሳ አፈር፣ ሳሩና ሥሩ ተጠርጎ ይነሳል። ከዚያ በግድቡ ርዝመት ልክ ቦይ ይቆፈራል፤ ውሃ የማያሳልፍ ጠንካራ ሸክላማ መሬት እስኪገኝ ድረስ። ቦዩ በጥሩ ሸክላ አፈር ተሞልቶ ይጠቀጠቃል። ይህ የግድቡ ሥር ነው። ሥር የሌለው ግድብ ምንጣፍ ላይ እንደተቀመጠ ሳጥን ነው፤ ውሃው ከሥሩ ሾልኮ ይሄዳል።

ስፋቱ ብዙ ሰው ይገርመዋል። ሦስት ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ለመያዝ፣ አንድ ሜትር ትርፍ ከፍታ ጨምረን አራት ሜትር ግድብ ሠራን እንበል። ሆዱ በየአንድ ሜትር ከፍታ ሦስት ሜትር ይተኛል። ጀርባው ሁለት ሜትር ይተኛል። አናቱ ሰው በደንብ እንዲሄድበት ሦስት ሜትር ይሁን። ደምሩት፤ ታች ላይ 23 ሜትር ስፋት ይወጣል። የግቢ አጥር የለመደ ዓይን «ይሄ ሁሉ አፈር ለምን?» ይላል። ዶዘር የተከራየው ሰውም እንዲሁ ይላል፤ በሰዓት ነው የሚከፍለው። ሆዱና ጀርባው ቀጥ ብለው የቆሙ የአፈር ግድቦች የሚበዙት ለዚህ ይመስለኛል።

ውሃው ምን ያህል ይከብዳል?

አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ነው። ርዝመቷ 60፣ ወርዷ 40 ሜትር የሆነች፣ ግድቡ ጋ ሦስት ሜትር የምትጠልቅ ኩሬ እንውሰድ። የኩሬ ወለል እንደ ሳፋ ጠፍጣፋ ስላልሆነ ባለሙያዎች ስፋቱን በትልቁ ጥልቀት አባዝተው፣ የዚያን 40 በመቶ ይወስዳሉ። 2,900 ሜትር ኩብ ገደማ ይመጣል። በሲኖትራክ ቋንቋ እናውራ ካልን፣ 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ሲኖ 180 ጊዜ መመላለስ አለበት። ግድቡ ሲፈርስ ያ ሁሉ የሚመጣው በደቂቃዎች ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ሰው ግድቡን የሚገፋው የኩሬው ትልቅነት ይመስለዋል። አይደለም። የሚገፋው ጥልቀቱ ነው። ሦስት ሜትር የጠለቀ ውሃ፣ ኩሬው መቶ ሜትር ይርዘም አንድ ኪሎ ሜትር፣ ግድቡን ታች ላይ የሚጫነው እኩል ነው፤ በካሬ ሜትር ሦስት ቶን። ለዚህ ነው «ትንሽ ከፍ እናርጋት» የምትለው ሐሳብ አደገኛ የምትሆነው። ግማሽ ሜትር መጨመር ለኩሬው ውበት ነው። ለግድቡ ሌላ ሥራ ነው።

አፈር ውሃ እንዴት ይይዛል?

የሚይዘው ሸክላ አፈር ነው። የሸክላ ቅንጣት በጣም ደቃቅ ነው። ሲረጥብና ሲጠቀጠቅ መሀሉ ውሃ በቀላሉ የሚያልፍበት ክፍተት አይተርፍም። አሸዋ ግን የቱንም ያህል ብትደበድበው ውሃ ያሳልፋል። ቀላል መፈተኛ አለ፦ ከአፈሩ እፍኝ አርሱና በመዳፍ መሀል እንደ እርሳስ አንከባሉት። ሳይሰባበር ከቀጠነ ሸክላ አለው። ከፈረሰ ለግድብ አይሆንም።

መጠቅጠቁም ወግ አለው። አፈሩ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር እየተነጠፈ፣ እርጥበቱ ልክ ሆኖ፣ በሮለር ይረገጣል። ልክ ማለት ጨብጠውት ቅርጹን የሚይዝ፣ ግን እጅን የማያጨቀይ ነው። ሎደር አንድ ሜትር አፈር አፍስሶ ላዩን ቢመላለስበት የሚጠቀጠቀው ላዩ ብቻ ነው። ውስጡ እንደ ዳቦ ነው። እንዲህ ያለ ግድብ ላዩን ሲያዩት ደልዳላ ነው፤ የሚያምረው ለዓይን ነው።

አሁን ወደ እኛ አፈር እንምጣ። በሱሉልታ ሜዳ፣ በለገዳዲ፣ በአቃቂ በኩል ያለው ጥቁር ዋልካ በክረምት ጫማ የሚያወልቅ ነው። ውሃ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ለግድብ ምርጥ ነው ይባላል። ግማሽ እውነት ነው። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የካቲት ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ታያላችሁ።

አስቡት እንግዲህ። በበጋ ኩሬው ይወርዳል። የግድቡ ሆድ የላይኛው ክፍል ለፀሐይ ይጋለጣል፤ ይሰነጠቃል። ከዚያ ሰኔ ወይ ሐምሌ ላይ አንድ ከሰዓት የሚጥል ዝናብ ኩሬውን ወደ ላይ ያነሳዋል። ውሃው ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፤ ዋልካው አብጦ ለመገጣጠም ጊዜ አያገኝም። ስንጥቁ ግድቡን ተሻግሮ ከሆነ መንገድ ተከፈተ ማለት ነው። የወዳጄ ግድብ ያላበው በሰኔ መሆኑ አጋጣሚ አልነበረም። ለዚህ መድኃኒቱ ዋልካውን መሀል አድርጎ ላዩን በቀይ አፈር ማልበስ፣ ቀዩ ላይ ደግሞ ሳር ማብቀል ነው። የልብስ ጥቅም እርጥበቱን መጠበቅ ነው።

ታዲያ ምን ያፈርሰዋል?

የአፈር ግድብ ጠላት ብዙ ይመስላል። ሲጠቃለል ግን ሁለት ነው፦ በላዩ የሚያልፍ ውሃና በውስጡ የሚያልፍ ውሃ።

በላዩ የሚያልፈውን ለመረዳት ሂሳብ እንሥራ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ በዓመት ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛሉ። ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ወደ ኩሬው የሚያፈስሰው ተዳፋት 10 ሄክታር ነው እንበል። አንድ ነሐሴ ከሰዓት 40 ሚሊሜትር ጣለ። ይህ 4,000 ሜትር ኩብ ነው። ነሐሴ ላይ መሬቱ ጠግቧል፤ ግማሹ ቢፈስ እንኳ 2,000 ሜትር ኩብ ነው። ያ ሁሉ በአንድ ሰዓት ከመጣ በሰከንድ ከ550 ሊትር በላይ ነው። ወደ ሦስት በርሜል፣ በያንዳንዱ ሰከንድ።

ኩሬው ደግሞ ነሐሴ ላይ ሞልቷል። ስለዚህ የገባው ሁሉ መውጣት አለበት። ብዙ ሰው ለማስተንፈሻ ባለ ስድስት ኢንች ቱቦ አናቱ ላይ ቀብሮ ተገላገልኩ ይላል። ያ ቱቦ ከዚህ ውሃ አንድ አሥረኛውን እንኳ ለማሳለፍ ይቸገራል። የቀረው የት ይሄዳል? በአናቱ። አናቱን ያለፈ ውሃ ጀርባውን እንደ ምላጭ ይቀደዋል። መጀመሪያ ትንሽ ቦይ ናት። ከዚያ ቦዩ ወደ ኋላ፣ ወደ ኩሬው እየበላ ይሄዳል። ሲደርስ አለቀ። ስኳር ላይ ሻይ ስታፈሱ ምን ይሆናል? እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ማስተንፈሻ ቱቦ ሳይሆን ሰፊ፣ ሳር የለበሰ፣ ከግድቡ አካል ውጭ ጎን ባለው መሬት ላይ የተቆረጠ ቦይ መሆን አለበት። ወለሉም ከግድቡ አናት ዝቅ ይበል፤ ለዚያ ነው አንድ ሜትር ትርፍ ከፍታ የተውነው። አዲስ አፈር በራሱ ክብደት እየተጠጋጋ ስለሚሄድ አናቱ በጊዜ ብዛት ዝቅ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ የሚለው መሀል ላይ ነው፤ አፈሩ ወፍራም የሆነው እዚያ ነው። ውሃ ደግሞ ዝቅ ያለውን ቦታ ሳይሳሳት ያገኘዋል።

ሁለተኛው ጠላት ዝምተኛ ነው። የአፈር ግድብ ሁሉ ትንሽ ያሳልፋል፤ ስርገት ይባላል። ስርገት በራሱ በሽታ አይደለም። ችግሩ ውሃው አፈር ይዞ መውጣት ሲጀምር ነው። የጤፍ ጆንያ በመርፌ ብትወጉት ጤፉ በቀጭኑ ይፈስሳል፤ እየፈሰሰም ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ግድብ ውስጥም ይኸው ነው። ቅንጣት በቅንጣት እየወጣ፣ ከእግሩ ጀምሮ ወደ ሆዱ የሚሄድ ዋሻ ይበላል። ከላይ ምንም አይታይም። አንድ ቀን ዋሻው ኩሬውን ያገኘዋል።

የዘበኛው «ላብ» እና «ደም» እዚህ ላይ ገባኝ። ጠርቶ የሚወጣ ውሃ ላብ ነው። ደፍርሶ የሚወጣ ግን የግድቡን ሥጋ ይዞ ነው የሚወጣው፤ በቀይ አፈር ላይ ደግሞ እውነትም ደም ይመስላል። መሐንዲሶች ይህንኑ በሌላ ቃል ነው የሚሉት። በ1976 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ አይዳሆ ውስጥ፣ የቴቶን ግድብ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ እየተሞላ ሳለ ጧት የደፈረሰ ውሃ ሲፈስ ታየ። እኩለ ቀን ሳይሞላ ግድቡ ፈረሰ። 11 ሰው ሞተ። ያ የመንግሥት ግድብ ነው፤ መሐንዲስ ሞልቶበት የተሠራ። የመጀመሪያው ሙሌት ለማንኛውም የአፈር ግድብ ትልቁ ፈተና ነው የሚባለው ያለ ነገር አይደለም።

ውሃ በውስጡ መንገድ የሚያገኘው ከሁሉ በላይ በቱቦ ዙሪያ ነው። ቱቦው ለስላሳ ነው፣ ሥሩ ያለውን አፈር መጠቅጠቅ ከባድ ነው። ውሃው በቱቦው ውስጥ ሳይሆን በውጭው እየታከከ ይወርዳል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለትንሽ ግድብ ቱቦ ባይቀበርበት ይሻላል። ውሃ መቀነስ ካስፈለገ በአናቱ ላይ አሳልፎ በሳይፎን መሳብ ይቻላል። ቤንዚን ከጄሪካን በጎማ እንደሚሳበው ማለት ነው። ግን ቀስ ተብሎ፤ በቀን ከ30 ሳንቲሜትር እንዳይበልጥ። ውሃው በድንገት ሲወርድ ሆዱ ውስጥ የሰረገው ውሃ አብሮ ስለማይወርድ፣ ከብዶት ይንሸራተታል። በጋ ላይ በፓምፕ ሁለት ቀን ስቦ ኩሬውን ባዶ የሚያደርግ ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ወፎቹና እንስሳቱ ታዲያ ምን አጠፉ?

ምንም። ግን ኩሬውና ግድቡ የሚፈልጉት ተቃራኒ ነው። እዚህ ላይ ነው እንደ ወዳጄ ያሉ ደግ ሰዎች የሚሳሳቱት።

ኩሬው ለወፍ የሚመቸው ዳሩ ሲረዝም፣ ሲጠማዘዝ፣ ቀስ እያለ ሲጠልቅ ነው። ወፍ ደንገልና ቄጠማ ይወዳል፤ ጎጆ ይሠራበታል። ዳር ላይ ቁጥቋጦ ይወዳል። ጭቃ ይወዳል። በጋ ላይ ውሃው ወርዶ ጭቃው ሲጋለጥ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ምንቃራቸውን እየሰደዱ ትል ይለቅማሉ። የሚገርመው ጊዜው መግጠሙ ነው። ኩሬው ሞልቶ የሚያድረው በመስከረም ነው፤ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሚሸሹ ወፎች መምጣት የሚጀምሩትም ያኔ ነው። ውሃው እየሸሸ ጭቃው ሲሰፋ እነሱ እዚሁ ናቸው። መጋቢት ላይ ይሄዳሉ።

የእኛዎቹም አሉ። ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የትም አይገኝም። ከውሃ ዳር እርጥብ ሳር ላይ ሲግጥ ይውላል፤ በሱሉልታ ሜዳና በገፈርሳ ግድብ ዙሪያ ይታያል። ከሆለታ ማዶ ያለው የበርጋ ረግረግ ደግሞ በዓለም ላይ በጣም ጥቂት ከቀሩት ወፎች አንዱ፣ ክንፈ ነጩ ትንሽ የረግረግ ወፍ፣ በክረምት እንቁላል የሚጥልበት ነው። ጨፌዎች እየታረሱና ቤት እየተሠራባቸው ሲሄዱ፣ ሰው የሠራት ትንሽ ኩሬ ለእነዚህ ወፎች ማረፊያ ልትሆን ትችላለች። ጨፌን አትተካም፤ ግን ከምንም ይሻላል።

አሁን ወደ ግድቡ። ግድቡ የሚፈልገው አጭር ሳር ብቻ ነው። ሰርዶ ይበቃዋል። ዛፍ አይፈልግም፤ ቁጥቋጦም አይፈልግም። ወዳጄ ግን አናቱ ላይ ስምንት ባህር ዛፍ ተክሏል፤ ለጥላና ለወፍ ማረፊያ ብሎ። ዛፍ አፈር ይይዛል አይደል? ተዳፋት ላይ ይይዛል። ግድብ ላይ ግን ሥሩ ወደ ውሃው ይሄዳል፤ ዛፉ ሲቆረጥ ወይ ሲሞት ሥሩ ይበሰብስና ባዶ ቱቦ ይተዋል። ነፋስ ሲጥለው ደግሞ ከነሥሩ ግማሽ ሲኖ አፈር ይዞ ይነሳል። ያደገ ዛፍ ካለባችሁ ቆርጣችሁ ጉቶውን እንዳትረሱት፤ ጉቶው ነው ዋናው። ኩሬው ሲጎድል ሥሩ ተነቅሎ ጉድጓዱ በሸክላ አፈር በንጣፍ በንጣፍ መሞላት አለበት።

ከዚያ ቆፋሪዎቹ። ፍልፈል ከመሬት በታች ረጅም መንገድ ይሠራል፤ ጃርትም ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፍራል። ግድብ ለእነሱ የተዘጋጀ ቤት ነው፦ ለስላሳ አፈር፣ ከጎርፍ ከፍ ያለ፣ ውሃ ጎኑ ያለ። ጉድጓዳቸው ግድቡን ባያቋርጠው እንኳ ያሳጥረዋል። 23 ሜትር የነበረው የውሃው መንገድ አሥር ሊሆን ይችላል። መፍትሔው መርዝ አይደለም። ሳሩን በአጭሩ ማጨድ ነው። መደበቂያ ከሌለ አይመጡም፤ ከመጡም ጉድጓዱ ቶሎ ይታያል። ከብትም እንዲሁ። ላም ውሃ ልትጠጣ በግድቡ ሆድ ከወረደች ኮቴዋ ሳሩን ይገፈዋል። የመጠጫ መውረጃ ከግድቡ በተቃራኒ ዳር ድንጋይ ተነጥፎ ይሠራላት። በነገራችን ላይ በግ የምታሰማሩ ሰዎች የኩሬ ዳር ቀንድ አውጣ የጉበት ትል አስተላላፊ መሆኑን አትርሱ።

ስለዚህ ኩሬው ለወፍ ነው፣ ግድቡ ለሳር ነው። ደንገሉን ከግድቡ ማዶ፣ ውሃው በሚገባበት በኩል አድርጉት። ቁጥቋጦውንም እዚያ። እዚያ ሲሆን ሌላ ጥቅም አለው፤ ደለል ያጠልላል። ኩሬዎች ከሚሞቱባቸው ነገሮች ዋናው ደለል ነው። በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለው የአባ ሳሙኤል ግድብ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ የውሃ ኃይል ማመንጫ፣ በደለልና በእምቦጭ እንዴት እንደተጎዳ ያየ ያውቃል። እምቦጭ ስል፦ አበባው አማረኝ ብሎ ከቆቃ ወይ ከሌላ ቦታ አንድ እግር ይዞ የሚመጣ ሰው አለ። እባካችሁ። ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል።

ዓሣ ቢጨመርስ?

ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል፤ እዚህ ብርድ ላይ ቢኖርም አያድግም። ወባን በተመለከተ በዚህ ከፍታ በተለምዶ ብዙ አያሰጋም፤ ስለዚህ የወባ ትንኝ እጭ ይብላልኝ ተብሎ ዓሣ የሚጨመርበት ምክንያት እዚህ ደካማ ነው። ዓሣው የእንቁራሪት እንቁላልና ግልገል ስለሚበላ ለወፎቹ ምግብ ይሻማል። እኔ ባይጨመር እላለሁ።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ታሪክ ግን መንገር አለብኝ። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ፣ ደቡብ ፎርክ በሚባል ቦታ፣ የፒትስበርግ ሀብታሞች የዓሣና የአደን ክበብ ነበራቸው። የግላቸው የአፈር ግድብ፣ የግላቸው ሐይቅ። ሠረገላ በምቾት እንዲያልፍ ተብሎ አናቱ ዝቅ ተደረገ። የታችኛው የውሃ መልቀቂያ ቱቦ ቀድሞ ተነቅሎ ስለነበር ውሃ ለመቀነስ መንገድ አልነበረም። ዓሣው እንዳያመልጥ ደግሞ ማስተንፈሻው ላይ ወንፊት ተገጠመ። በግንቦት 1889 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ፤ ወንፊቱ በቅርንጫፍና በቆሻሻ ተዘጋ። ውሃው በአናቱ ሄደ። ታች ያለችው የጆንስታውን ከተማ 2,209 ሰው አጣች። ወዳጄ ማስተንፈሻው ላይ መረብ ሊዘረጋ አስቦ ነበር፤ ይህን ከነገርኩት በኋላ ዝም አለ።

ቅርባችንም አለ። ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ምሽት፣ ኬንያ ናኩሩ አካባቢ ሶላይ ላይ፣ በግል እርሻ ውስጥ ያለ የአፈር ግድብ ከብዙ ዝናብ በኋላ ተደርምሶ ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ታች የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ።

ውሃው በበጋ የት ይሄዳል?

«ኩሬዬ ያፈስሳል» ከሚሉ ሰዎች ብዙዎቹ ኩሬያቸው አያፈስም። ፀሐይ ነው የሚጠጣው። በበጋ ቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ይተናል። ትንሽ ነው? ከጥቅምት እስከ ግንቦት ስታባዙት አንድ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ሜትር ጥልቀት ያላት ኩሬ በልግ ካልረዳት ትደርቃለች። አንድ ዱላ ምልክት አድርጋችሁ ትከሉ። በሳምንት ሦስት፣ አራት ሳንቲሜትር ከወረደ ትነት ነው። አሥር ከወረደ ስርገት ነው፤ የት እንደሚወጣ ፈልጉ።

የግል ግድብ ከሆነ የማን ጉዳይ ነው?

በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ግለሰብ ያለው የመጠቀም መብት ነው። ውሃም ተመሳሳይ ነው። የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱን ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ይለዋል፤ የውሃ ሥራ ለመገንባትም ፈቃድ ይጠይቃል። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ባህላዊ መስኖና ባህላዊ ከብት እርባታ ከፈቃድ ነፃ ናቸው። በዶዘር የተሠራ የወፍ ኩሬ ከእነዚህ ውስጥ የለም። ስለዚህ ዶዘሩ ከመምጣቱ በፊት የአካባቢውን የውሃ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ነው። ጉዳት ከደረሰ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2028 አጭር ነው፤ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይክሳል።

ከወረቀቱ በላይ ግን አንድ ጥያቄ አለ። ግድቡ ቢፈርስ ውሃው ማን ቤት ይገባል? ከግድቡ እግር ተነስታችሁ ወንዙን ተከትላችሁ አንድ ኪሎ ሜትር ውረዱ። ወዳጄ ግድቡን ሲሠራ ታች ባዶ ሜዳ ነበር። ዘንድሮ አምስት የቆርቆሮ ቤቶች አሉ። ግድቡ አልተለወጠም። አደጋው ግን ተለውጧል። የእነዚያን ሰዎች ስልክ ቁጥር መያዝ ከማንኛውም መሣሪያ ይቀድማል።

ምን ስናይ እንደንግጥ?

የደፈረሰ ስርገት ካያችሁ ቀጠሮ የለውም። ኩሬው ላይ ትንሽ አዙሪት ከታየም እንዲሁ፤ ዋሻው ተከፍቷል ማለት ነው። ግድቡን የሚያቋርጥ ስንጥቅ፣ ሆዱ ወይ ጀርባው የተንሸራተተበት ቦታ፣ ትናንት ያልነበረ እርጥበት፣ እነዚህ መሐንዲስ የሚያስጠሩ ናቸው። መጀመሪያ ታች ላሉት ደውሉ። ከዚያ ውሃውን ቀንሱ።

አንድ ነገር እንዳታደርጉ። ውሃው ሲወጣ ያየ ሰው ሁሉ የሚያስበው በጭቃ ልድፈነው ነው። ከጀርባ በኩል መድፈን ውሃውን ሌላ መውጫ እንዲፈልግ ያደርገዋል፤ ውስጡ ያብጣል። የሚሻለው መጀመሪያ አሸዋ፣ ከዚያ በላዩ ጠጠር መደፋት ነው። እንደ ሻይ ማጥለያ ነው፤ ውሃውን ያሳልፋል፣ አፈሩን ያስቀራል።

የወዳጄ ግድብ ላይ ያደረግነው ይህንኑ ነው። አንድ አይሱዙ አሸዋ፣ ግማሽ ጠጠር። ባህር ዛፎቹ ኅዳር ላይ ይነሳሉ ተብሏል፤ ወዳጄ ገና አልቆረጠለትም። ዘበኛው ግን ጧት ጧት ከእግሩ ሥር አንድ አንድ ሃይላንድ ውሃ ይቀዳሉ። ቀኑን በእስክሪብቶ ይጽፉበትና የጥበቃ ቤቱ መስኮት ላይ ይደረድሩታል። በመጨረሻ የሄድኩ ቀን ዘጠኝ ሃይላንድ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ታች ላይ ቀጭን ቀይ ዝቃጭ አላቸው። ከሦስተኛው ጀምሮ ማዶ ያለችው ዝይ በውስጣቸው ተገልብጣ ትታያለች።